«ደብ» የተባለው የእንግሊዝኛ ግሥ፦ ከማስታጠቅ ወደ ማክበር፣ ከማክበር ወደ ስም ማውጣት

የእንግሊዝኛ ዜና የሚከታተል ሰው «ደብ» የሚለውን ግሥ በተለያየ ቦታ ያገኘዋል። ንጉሥ ቻርልስ አንድን ሰው በሰይፍ «ደብ» አደረጉት ይባላል። ጋዜጦች አንዲትን ፖለቲከኛ እንዲህ ብለው «ደብ» አደረጓት ይባላል። የቱርክ ድራማ በአማርኛ «ደብ» ተደርጎ ቀረበም ይባላል። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ አንድ ቃል ናቸው። ሦስተኛው ግን በፊደልም በድምፅም ይምሰል እንጂ ዘሩ ሌላ ነው። እዚህ የምናብራራው የመጀመሪያውን፣ ማዕረግ መስጠትን የሚያመለክተውንና ኋላ ስም ወደ ማውጣት የተሻገረውን ግሥ ነው። ከታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አጻጻፉ ሦስት ፊደል ብቻ ነው፦ ዲ፣ ዩ፣ ቢ። አነባበቡ «ክለብ» ስንል ከምናሰማው ድምፅ ጋር ቤት ይመታል። ያለፈ ጊዜ ሲሆን ቢ ይደገምና ኢ እና ዲ ይጨመሩበታል። እዚህ ላይ ብዙ ተማሪ ይሳሳታል። የተደገመው ቢ በአማርኛ እንደምናጠብቀው ፊደል አይጠብቅም፤ ሥራው ከፊቱ ያለው አናባቢ አጭር መሆኑን ማሳየት ብቻ ነው። አንዱ ቢ ከተዘለለ አንባቢው ዩ የተባለችውን ፊደል ወደ «ዩ» ወይም ወደ «ኡ» ያስረዝማታል፣ ቃሉም ይበላሻል።

የፊልሙን «ደብ» እዚሁ እንሸኘው። እሱ «ደብል» ከሚለው፣ እጥፍ ከሚል ቃል የተቆረጠ ነው። ድምፅ ያለው ፊልም በ1920ዎቹ መጨረሻ ሲመጣ፣ በአንዱ ድምፅ ላይ ሌላ ድምፅ መደረብን ለመግለጽ ባለሙያዎቹ አሳጥረው ወሰዱት። የጃማይካው «ደብ» ሙዚቃም የመጣው ከዚሁ ከመቅዳትና ከማባዛት ሥራ ነው። የአየርላንድ ዋና ከተማ ደብሊን ስሟ በአገሩ ቋንቋ «ጥቁር ኩሬ» ማለት ነው፤ ከሁለቱም አይዛመድም። ጥሩ መዝገበ ቃላት የማዕረጉን ደብና የፊልሙን ደብ በአንድ ርዕስ ሥር አያስቀምጣቸውም፤ ቁጥር ሰጥቶ ይለያቸዋል። ስለዚህ ቃሉን ስትፈልጉ የመጀመሪያውን ፍቺ አንብባችሁ አትዝጉት።

ቃሉ ከየት መጣ?

የማዕረጉ ደብ በእንግሊዝኛ ጽሑፍ ቀድሞ የሚገኘው በአንግሎ ሳክሰን ዜና መዋዕል ውስጥ ነው። ጸሐፊው በ1085 ዓመት ሥር ባሰፈረው ዘገባ፣ ኖርማንዳዊው ንጉሥ ዊልያም በበዓለ ኃምሳ በዌስትሚኒስተር ተገኝቶ ልጁን ሄንሪን ፈረሰኛ አድርጎ «ደብ» እንዳደረገው ይናገራል። ድርጊቱ በእኛ ስሌት 1086 ላይ ይውላል። ሄንሪ በ1100 ራሱ ንጉሥ ሆኗል።

ያቺን አንዲት ዓረፍተ ነገር ቀረብ ብሎ ማየት ይጠቅማል። ጸሐፊው የሚጽፈው በጥንታዊ እንግሊዝኛ ነው፤ ከሰሜን ፈረንሳይ የመጡት ኖርማኖች አገሩን ከያዙ ገና ሃያ ዓመት ነው። ልጁ የሆነውን ነገር ለመጥራት የአገሩን ቃል ተጠቀመ፦ «ሪደር»፣ ማለት ፈረስ ጋላቢ። ለተደረገለት ነገር ግን የባዕድ ግሥ ዋሰ። ፈረሰኛን ያውቀዋል፣ ስምም አለው፤ ሰውን በሥርዓት ፈረሰኛ የማድረግ ነገር ግን ከኖርማኖች ጋር ስለመጣ ቃሉም አብሮ ገባ።

ዛሬ እንዲህ ያለውን ባለማዕረግ ፈረሰኛ የምንጠራበት «ናይት» ራሱ የአገሬው ቃል ነው። ጥንታዊ ድምፁ «ክኒኽት» የሚመስል ሲሆን ትርጉሙ ልጅ፣ ብላቴና፣ አገልጋይ ነበር። ዛሬ በአጻጻፉ ላይ ያለችው የማትነበብ ኬ የዚያ ዘመን ትራፊ ናት። የጌታ ብላቴና ቀስ በቀስ የታጠቀ ባለማዕረግ ሆነ። የአማርኛ አንባቢ ይህን ለመቀበል አይቸገርም፤ «ብላቴና» ከሚለው ቃል «ብላቴን ጌታ» የሚል ከፍ ያለ ማዕረግ አውጥተናል፣ «ልጅ» የሚለውንም ለመሳፍንት ልጆች ማዕረግ አድርገነዋል። የጀርመንኛው ዘመዱ «ክኔሽት» ግን አገልጋይ እንደሆነ ቀርቷል።

ግሡ ወደ እንግሊዝኛ የገባው ከጥንታዊ ፈረንሳይኛ ነው። በፈረንሳይኛ መልኩ ዛሬ «አዱቤ» ተብሎ ይነበባል። ከዚያ በፊት ባለው ምንጩ ላይ ምሁራን አንድ ቃል አይናገሩም። አንዱ ወገን መነሻው «መምታት» የሚል የፍራንኮች ቃል ነው ይላል፤ አዲሱ ናይት አንገቱ ላይ ይመታ ስለነበር ነገሩ ሲሰሙት ያሳምናል። ሌላው ወገን የቆየው ትርጉም «ማስታጠቅ፣ ማዘጋጀት» ነው ይላል። እኛ ሚዛን የሚደፋው ሁለተኛው ይመስለናል። በጥንቶቹ የፈረንሳይ የጀግንነት ግጥሞች ውስጥ ተዋጊዎች «አዱቤ» የሚሆኑት ከጦርነት በፊት ነው፤ ጥሩር ይለብሳሉ፣ የራስ ቁር ይደፋሉ፣ ሰይፍ ይታጠቃሉ። ማንም አይመታቸውም፤ ብዙዎቹ ከድሮም ባለማዕረግ ናቸው። ማዕረግ መስጠት የሚለው ትርጉም የመጣው ወጣቱ የመጀመሪያ ትጥቁን ከጌታው እጅ የሚቀበልበት ቀን ትልቅ በዓል ሲሆን ነው።

አማርኛም በዚሁ መንገድ ሄዷል። «ሸለመ» ስንል ሽልማት ሰጠ ማለታችን ነው፤ ሙሽራዋን በወርቅ ሸለሟት ስንል ደግሞ አስጌጧት ማለታችን ነው። ማክበር በመጀመሪያ ማልበስና ማስጌጥ ነበር። በቤተ መንግሥታችንም ካባና ለምድ አልብሶ መሾም የታወቀ ነው። ስለዚህ ደብ የሚለውን ግሥ በአንድ የአማርኛ ቃል ለመረዳት የሚሻ ሰው «መታ» ከሚለውም «ሰየመ» ከሚለውም ይልቅ «ሸለመ»ን ይዞ ቢጀምር ወደ ሥሩ ይቀርባል።

ማዕረጉ ሲነጠቅ የሚደረገውም ይህንኑ ያሳያል። በ1323 የካርላይል አርል የነበረው አንድሩ ሃርክሌይ በክህደት ሲፈረድበት፣ ከመገደሉ በፊት ሰይፉን ተነጠቀ፣ ፈረስ የሚኮለኩልበት የእግሩ መውጊያም ተቆረጠ። ያለበሱትን ገፈፉት፤ ማዕረጉ በትጥቁ ላይ ነበርና።

የግሡ ዘመዶች

ትጥቅና ዝግጅት የሚለው ትርጉም በእንግሊዝኛ ውስጥ አልጠፋም፤ ወደ እጅ ሥራ ሄዶ ተደበቀ። የቆዳ ጫማ ውኃ እንዳያስገባ የሚቀባው የጮማና የዘይት ቅባት «ደቢን» ይባላል፤ ሥራው ቆዳውን ማዘጋጀት ነው። በሰው ሠራሽ ዝንብ ዓሣ የሚያጠምዱ ሰዎች በሰም በተቀባ ክር ላይ የእንስሳ ጠጉር ጠምዝዘው የዝንቧን አካል ሲሠሩ ያንን «ደቢንግ» ይሉታል። እንጨት በመጥረቢያ መሰል መሣሪያ አለስልሶ ማስተካከልም፣ የአውራ ዶሮን ኩክኒ መቁረጥም በዚሁ ግሥ ይጠራል። በአሮጌ የሙያ መጽሐፍ ላይ «ዶሮውን ደብ አደረገው» የሚል ብታገኙ ማንም ዶሮውን አልሾመውም።

ቼዝ የሚጫወት ደግሞ የፈረንሳይኛውን ቅርጽ ሳያውቀው አይቀርም። ከካሬዋ መሐል የወጣችን ጠጠር ለማስተካከል ሲፈልግ አስቀድሞ «ዣዱብ» ይላል፤ «አስተካክላለሁ» ማለት ነው። በዓለም አቀፉ የቼዝ ፌዴሬሽን ሕግ ይህን ማለት የሚፈቀደው ተራው ለደረሰ ተጫዋች ነው፣ የሚባለውም ከመንካት በፊት ነው። ነክቶ ሲያበቃ ከተናገረው አይረባውም፤ የነካትን ጠጠር መንቀሳቀስ የምትችል ከሆነ ማንቀሳቀስ ግዴታው ይሆናል።

በደቡብ አውሮፓ ቋንቋዎችም ቤተሰቡ ሰፊ ነው። ጣልያንኛው ማስጌጥ ማለት ሆኖ ቀርቷል። ስፓንኛው ወደ ማዕድ ቤት ገብቶ ሥጋን በቅመምና በኮምጣጤ መዘፍዘፍን ያመለክታል፤ «አዶቦ» የሚባለው ምግብ ከዚያ ነው። በፖርቱጋልኛ ደግሞ ለማሳ የሚሰጠው ማዳበሪያ «አዱቡ» ይባላል። ሁሉም ነገርን ለጥቅሙ ማሰናዳት ነው።

አንድ ወጥመድ ግን አለ። «አዶቤ» የሚባለው የጭቃ ጡብ ከ«አዶቦ» ጋር ቢመሳሰልም የሌላ ቤት ልጅ ነው። እሱ በስፓንኛ በኩል ከዐረብኛው «አጡብ» የመጣ ነው፤ ዐረብኛውም ከጥንታዊት ግብፅ ወርሶታል። «ጡብ» የሚለው የእኛ ቃልም ከዐረብኛ የገባ በመሆኑ፣ አዶቤ ለአማርኛው ጡብ የሥጋ ዘመድ ነው፤ ለናይቱ ሰይፍ ግን ባዳ ነው።

ዛሬ ሥርዓቱ እንዴት ይፈጸማል?

በመካከለኛው ዘመን ወጣቱ ሰይፍ ይታጠቅ፣ በእግሩ መውጊያ ይታሠርለት፣ መጨረሻ ላይም በእጅ ወይም በሰይፍ ጎን አንገቱ ላይ ይመታ ነበር። ምቱ በፈረንሳይኛ «ኮሌ» ይባላል፤ «ኮል» ማለት አንገት ነው። «አኮሌድ» የሚለውና ዛሬ ለከፍተኛ ምስጋናና ሽልማት የሚውለው የእንግሊዝኛ ስም ከዚያው ከአንገት የመጣ ነው፤ በመጀመሪያ አንገት ማቀፍን ያመለክት ነበር። ከዚያ ሁሉ ሥርዓት እንግሊዝ ውስጥ ጎልቶ የቀረው የሰይፉ ንክኪ ነው።

አሁን የሚደረገው እንዲህ ነው። ተሿሚው ስሙ ሲጠራ ወደ ንጉሡ ይቀርባል። ፊት ለፊት ዝቅ ያለ መንበርከኪያ አለ፤ አንድ ጉልበቱን እዚያ ላይ ያሳርፋል። ንጉሡ የሰይፉን ጎን በመጀመሪያ በቀኝ ትከሻው፣ ቀጥሎ በግራ ትከሻው ላይ ያሳርፉታል። ደብ ማለት ይህች ቅጽበት ብቻ ናት። ሰውዬው ተነሥቶ ይቆምና ንጉሡ የማዕረጉን ምልክት፣ ኒሻኑን ይሰጡታል። ንግሥት ኤልሳቤጥ ዳግማዊት ይይዙት የነበረው ሰይፍ የአባታቸው የጆርጅ ስድስተኛ ነበር።

ፊልም ያስለመደን «ተነሥ፣ ሰር እገሌ» የሚለው ቃል በሥርዓቱ ውስጥ የለም። መንበርከኩም ቢሆን የግድ አይደለም፤ በ2020 በዊንዘር ቤተ መንግሥት ማዕረግ የተቀበሉት የመቶ ዓመቱ ካፒቴን ቶም ሙር በመራመጃ ድጋፋቸው ቆመው ነው ንክኪውን የተቀበሉት። ሰይፉን የሚይዘው ሰው ሁልጊዜ ነጋሢው አይደለም። በ1581 ፍራንሲስ ድሬክ ዓለምን ዞሮ ሲመለስ ቀዳማዊት ኤልሳቤጥ ዴትፎርድ ላይ መርከቡ ድረስ ሄደው፣ ሰይፉን ለፈረንሳዊው መልእክተኛ ለማርሾሞን ሰጥተው በእሱ እጅ አስደረጉት።

ደብ የማይደረጉ ባለማዕረጎችም አሉ፤ መጻፍ ላይ ብዙ ሰው የሚሰናከለው እዚህ ነው። ሴቶች «ዴም» የሚለውን ማዕረግ ሲያገኙ ኒሻኑን ይቀበላሉ እንጂ ሰይፍ አይነካቸውም። ስለዚህ «ንጉሡ እገሊትን በሰይፍ ዴም አደረጓት» የሚል ዜና ስሕተት ነው። የቤተ ክርስቲያን አገልጋዮችም እንዲሁ፤ ለጥሪያቸው ሰይፍ አይመጥንም ተብሎ ንክኪው ይቀርላቸዋል። በጥቅሉ ማዕረግ ስለማግኘት ስትጽፉ ደብ ከሚለው ይልቅ «ናይት» የሚለውን ስም ወደ ግሥ ቀይሮ መጠቀም ይሻላል፤ ደብ ለሰይፉ ድርጊት ይቆይ።

በዓሉ ራሱ «ኢንቨስቲቸር» ይባላል። ሥሩ በላቲን ልብስ የሚል ቃል ነው፤ ማልበስ ማለት ነው። ዛሬ ኢንቨስትመንት የምንለው ቃልም ከዚሁ ግሥ ወጥቶ፣ በጣልያን ነጋዴዎች በኩል ወደ ገንዘብ የተሻገረ ነው። እንደገና ያው ካባ።

«ሰር» የሚባለው ማን ነው?

ናይት የተደረገ ሰው የሚጠራበት ሰር የሚለው መጠሪያ ከመጀመሪያ ስም ጋር ነው የሚሄደው። በ2017 ማዕረጉን የተቀበለው ሯጭ «ሰር ሞ ፋራህ» ወይም «ሰር ሞ» ይባላል፤ «ሰር ፋራህ» አይባልም። አማርኛ ተናጋሪ ይህን ሳይማር ያውቀዋል፤ አቶ አበበን በአባታቸው ስም አንጠራም። የሚያሳስተን የእንግሊዝኛውን «ሚስተር» ልማድ ወደ ሰር ስናመጣው ነው።

የእንግሊዝ ንጉሥ ርእሰ ብሔር ያልሆነባቸው አገሮች ዜጎች ማዕረጉን የሚያገኙት በክብር ብቻ ነው፤ ከስማቸው በኋላ ምሕጻሩን መጻፍ ይችላሉ እንጂ ሰር አይባሉም። የእኛ አንባቢዎች የሚያውቁት ምሳሌ ቦብ ጌልዶፍ ነው። በ1985 ለኢትዮጵያ ረሃብ ርዳታ «ላይቭ ኤይድ»ን ካዘጋጁት አንዱ ሲሆን፣ በ1986 የክብር ናይት ሆነ። የአየርላንድ ዜጋ በመሆኑ ጋዜጦች «ሰር ቦብ» ቢሉትም በይፋዊው ደንብ ሰር አይደለም። ዐፄ ኃይለ ሥላሴም በ1954 የጋርተር ማዕረግ አባል ሆነዋል፤ የእንግሊዝ የናይትነት ማዕረጎች ሁሉ አንጋፋው እሱ ነው። እርሳቸውም በዚህ ምክንያት ሰር ተብለው አልተጠሩም።

የተሰጠ ማዕረግ ሊሰረዝም ይችላል። ሙሶሊኒ በ1923 ከብሪታንያ የክብር ናይትነት ተቀብሎ ነበር። ኢትዮጵያን በ1935 ሲወር ማዕረጉ አልተነካም፤ የተሰረዘው በ1940 በብሪታንያ ላይ ጦርነት ሲያውጅ ነው። ለአንድ ኢትዮጵያዊ ይህን ማንበብ ቀላል አይደለም።

ስም ማውጣት የሚለው ትርጉም

ናይት የተደረገ ሰው ከዚያ ቀን ጀምሮ በአዲስ መጠሪያ ይጠራል። ከዚህ ተነሥቶ ግሡ ያለ ሰይፍም ያለ ንጉሥም ለሰው ወይም ለነገር አዲስ መጠሪያ መስጠትን ማመልከት ጀመረ። ዛሬ በጋዜጣ ከአሥር ጊዜ ዘጠኙን ማለት ይቻላል የሚገኘው በዚህ ትርጉሙ ነው።

ግን ሁሉንም ስም አወጣጥ አይሸፍንም። ወላጅ ለልጁ የሚያወጣው ስም በዚህ ግሥ አይነገርም፤ ድርጅት ራሱን ሲያስመዘግብም እንዲሁ። ደብ የሚሆነው ቅጽል ስም ነው፦ ባሕርይን የሚገልጽ፣ ሌላ ሰው ያወጣው፣ በአፍ የሚዞር። በ1976 የሶቪየት ሠራዊት ጋዜጣ ማርጋሬት ታቸርን «የብረት እመቤት» ብሎ ደብ አደረጋት። ስሙ የወጣው ለስድብ ነበር፤ እሷ ግን ወደደችው፣ ተቀበለችው። ስለዚህ ግሡ መሠረቱ ክብር ቢሆንም በዚህ ትርጉሙ ለክብርም ለስድብም ይውላል። በተጨማሪም ጸሐፊው ከስሙ ትንሽ ራቅ ብሎ እንደቆመ ያሳያል፤ «እነሱ እንዲህ አሉት» ይላል እንጂ «ነው» አይልም።

ሰዋስዉ ቀላል ነው፦ ግሡ፣ ቀጥሎ የሚሰየመው ሰው፣ ቀጥሎ ስሙ። በመካከል «አዝ» የሚለውን መስተዋድድ መጨመር የተለመደ ስሕተት ነው። አማርኛችን «እንደ» ወይም «ብሎ» ስለሚፈልግ እጃችን ወደዚያ ይሄዳል። «ኮል» የሚለውን የመጥራት ግሥ አስቡ፤ እሱም አዝ አይፈልግም። «ሪጋርድ»፣ ማለት መቁጠር፣ ግን ይፈልጋል። ደብ ከኮል ጋር ነው የሚቆመው።

ወደ አማርኛ ስንመልሰው ዋናው ጥንቃቄ ሁለቱን ትርጉሞች አለማደባለቅ ነው። ሰይፍ ካለ «የናይትነት ማዕረግ ሰጠው» እንበል፤ ድርጊቱ ራሱ ተፈልጎ ከሆነ «በሰይፍ ትከሻውን ነክቶ» የሚለውን እንጨምር። «ሾመ» ብቻውን ሥልጣን ያስመስለዋል፤ «ቀባ» ደግሞ ንጉሥ ወይም ካህን ያደርገዋል። ሰይፍ ከሌለ «ስም አወጣለት» እና «እያሉ ይጠሩታል» የሚሉት ከበቂ በላይ ናቸው። «ሰየመ» ይፋዊ ስያሜ ስለሚመስል ለአደባባይና ለትምህርት ቤት ይቅር።

ምሩፅ ይፍጠርን ውሰዱ። በ1980 በሞስኮ ኦሊምፒክ በ5,000 እና በ10,000 ሜትር ወርቅ ሲወስድ፣ መጨረሻው ዙር ላይ ድንገት ፍጥነት የሚቀይርበትን መንገድ አይተው የእንግሊዝኛ ጋዜጦች «ይፍጠር ዘ ሺፍተር» ብለው ደብ አደረጉት። ይህን ዓረፍተ ነገር «የማርሽ ቀያሪነት ማዕረግ ሰጡት» ብሎ የሚተረጉም ሰው ሰይፉን ባልነበረበት ቦታ አመጣው። «ማርሽ ቀያሪው የሚል ስም አወጡለት» ቢባል ግን አሥመራ መንገድም አትላንታም ያለ አንባቢ ማን እንደሆነ ወዲያው ያውቃል።